የጠንቋይዋ ትንሽ አፍንጫ

እትዬ አፍንጫ ሰው እያስፈራራች የምትኖር ሴት ናት። እንዲህ ሲሉት ያስደነግጣል እንጂ ሥራዋ ነው። የልጆች ቴአትር ቤቱ ውስጥ፣ ጠጉሯ ሳይሸብት ጀምራ እስከ አሁን ድረስ ጠንቋይዋን ሆና የምትጫወተው እሷ ናት። ዛሬ ትዳር ይዘው፣ ወልደው ከብደው የሚኖሩ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኟት በአክብሮት ሰላም ይሏትና ወዲያው እርምጃቸውን ፈጠን ያደርጋሉ። ከመድረክ ስትወርድ ግን ዝንብ አትገድልም። አይጥ ካየችማ ወንበር ላይ ናት።

ቴአትሩ የልጆችን እንቅልፍ ሰርቃ ማሰሮ ውስጥ ስለምትከት ጠንቋይ ነው። አሠራሩ ደግሞ የራሱ የሆነ ዘዴ አለው። መጋረጃው ሲከፈት ጀግናው ዛፍ ሥር ተጋድሞ ተኝቷል። ጠንቋይዋ ትገባለች፤ ትስቃለች፤ ልጆቹ ይጮኻሉ። ጀግናው የሚነቃው በዚያ ጩኸት ነው። መብራት ሠራተኛውም ሰገነቱ ላይ ሆኖ ጩኸቱን ሲሰማ ብርሃኑን ቦግ አድርጎ ጢሱን ይለቃል። አዘጋጁ «ልጅ ሳይጮህ ማንም ሰው ንቅንቅ እንዳይል!» ብሎ ደንግጓል። ደንቡም አንድ ቀን አሳፍሮት አያውቅም፤ እትዬ አፍንጫ ስቃ ያልጮኸ ልጅ አልተወለደማ!

ዛሬ ግን የፈራችው እሷ ናት። የልጅ ልጇ ሚጢጢ ከመዋዕለ ሕፃናት ጓደኞቿ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ልታያት ትመጣለች። ሚጢጢ ማለት በር ጀርባ የተሰቀለ ካፖርት አይታ «ያ ሰውዬ ካልወጣ አልገባም» የምትል ልጅ ናት። እንቅልፍ የሚወስዳት አያቷ ጭን ላይ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ ሥራሽን ነግሬያታለሁ፤ አትጨነቂ» አለቻት ልጇ ጠዋት በስልክ።

«ብትነግሪያትስ! መስማትና ማየት አንድ ነው? ከዛሬ በኋላ ጭንሽ ላይ አልቀመጥም ብትለኝስ?»

«አንቺ ደግሞ! እሷ እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ ስትለፈልፍ ነው የከረመችው።»

«ሳታይ ነዋ!» አለችና እትዬ አፍንጫ ስልኩን ዘጋች። ልጅቷን ከጭኗ ማጣትን ከሞት ቆጥራዋለች።

የመልበሻ ክፍሏ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የጠንቋይ ሥዕል ነው። የመድረኩ ቀለም ቀቢ ከአሮጌ መጽሔትና ከፖስተር እየቀደደ የለጠፈላት ነው። በመጥረጊያ የምትበር አለች፣ ፍየል የምትጋልብ አለች፣ ትልቅ ድስት የምታማስል አለች፣ ድመት ታቅፋ የተኮሳተረችም አለች። አንድ ቀን «እትዬ፣ በድሮ ዘመን ፈረንጅ አገር ጠንቋይ ናቸው ተብለው ከተቃጠሉት ውስጥ ብዙዎቹ ለብቻቸው የሚኖሩ ተራ አሮጊቶች ነበሩ እኮ» ብሏት ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥዕሎቹ አንጀቷን ይበሏታል። ዛሬም ካፖርቷን ስትሰቅል ድመት የታቀፈችውን አየት አድርጋ «አንቺንስ ጭንሽ ላይ የሚቀመጥ ነበረሽ?» አለቻት።

ከዚያ አፍንጫ ልትሠራ ተቀመጠች። አፍንጫዋን ለእያንዳንዱ ትዕይንት ከሰም እያድቦለቦለች የምትሠራው ራሷ ናት። ወትሮ ቢሆን እንደ በቆሎ የረዘመ፣ ጫፉ ላይ ኪንታሮት የበቀለበት ነው። ዛሬ መጀመሪያ ኪንታሮቱን ጣለችው። ቀጥላ ጫፉን ቆነጠረች። አሁንም አየችውና አሁንም ቆነጠረች። ሙጫ ቀብታ ስትለጥፈው የአተር ፍሬ የምታህል ነገር ብቻ ቀርታ ነበር።

ቀለም ቀቢው በሩ ላይ ቆሞ አፉን ከፈተ። «እትዬ አፍንጫ፣ ይሄ ምንድን ነው? ይሄ እኮ ጉንፋን እንኳ አይይዘውም!»

«አንተ ቀለምህን ቀባ። ዛሬ ለስለስ ያልኩ ጠንቋይ ነኝ።»

«አዘጋጁ ይህን ሲያይ ለስለስ ያለ የልብ ድካም ይይዘዋል» አለና እየሳቀ ሄደ።

አዳራሹ በልጆች ጢም ብሏል። ሚጢጢ ከፊት ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ጀግናው ዛፉ ሥር ተጋድሟል። እትዬ አፍንጫ ኮቴዋ እንዳይሰማ እየተጠነቀቀች፣ ማሰሮዋን እንደ ሕፃን አቅፋ ገባች።

«ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

አሁን መሳቅ አለባት። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ጥርሷ እንዳይታይ አፏን በእጇ ሸፈነችና «ሂ ሂ» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ አማቾቿ ቤት የገባች ሙሽራ ነበር የምትመስለው።

ማንም አልጮኸም። ስለዚህ ጀግናው አልነቃም። መብራት ሠራተኛውም ጣቱን ማብሪያው ላይ ጭኖ ጆሮውን ቀስሮ ቀረ።

«ልጆች... ይቅርታ አድርጉልኝና... እንቅልፋችሁን ልወስድባችሁ ነው የመጣሁት።»

«ውሰጂው!» አለ አንድ ጥርሰ ወላቃ ልጅ ብድግ ብሎ። «እኔ መተኛት አልወድም!»

«የኔንም ውሰጂ!»

«የኔንም! የትንሹን ወንድሜን ግን ተይለት፣ እሱ ሲነቃ ያስቸግራል!»

እንቅልፉን ሊያስረክብ የፈለገው ሁሉ ወደ መድረኩ ተጋፋ። አስተማሪዋ ግራ ሲገባት «ተራ ያዙ!» አለች፤ ያዙም። ከመጋረጃው ጀርባ አዘጋጁ ጠጉሩን እየነጨ «ይሳቁ! እባክዎ እንደ ሰው ይሳቁ!» እያለ ያንሾካሹካል። ከዛፉ ሥር ደግሞ ማንኮራፋት ተሰማ። ጀግናው ጩኸት ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ የምሩን እንቅልፍ ወስዶታል።

በዚህ መሃል ልቅሶ ተሰማ። ይህን ልቅሶ እትዬ አፍንጫ ከሺ ልቅሶ ትለየዋለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው! ራሷን እንዲህ ቆነጣጥራም ልጅቷን አስፈራራቻት። ማሰሮዋን አስቀምጣ መድረኩ ጫፍ ላይ ተንበረከከች።

«አትፍሪ የኔ ዓለም፤ እኔ ነኝ፣ አያትሽ ነኝ።»

«አልፈራሁም!» አለች ሚጢጢ እየተንሰቀሰቀች። «አልፈራሁም እኮ! ማንም አልፈራም!»

«ታዲያ ምን ሆንሽብኝ?»

«የኔ አያት ከዓለም አንደኛ አስፈሪ ናት ብዬ ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ! አሁን ውሸታም እያሉኝ ነው!»

ጥርሰ ወላቃው ልጅ ተራውን እንደያዘ «አዎ፣ ውሸታም ናት» ሲል መሰከረ። «እሷ እንኳን ከዓለም፣ ከኛ ቤት ድመትም አትበልጥም።»

እትዬ አፍንጫ መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ሲገባት ግን ደስታው ከእግር ጥፍሯ ተነሥቶ ሽቅብ ወጣ። ካፖርት የምትፈራው ልጅ ሳምንቱን ሙሉ በእሷ ስትኮራ ነው የከረመችው! እሷ ደግሞ ተቀምጣ አፍንጫ ትቆነጥራለች!

«ድመት?» አለች ቀስ ብላ እየተነሣች። «ድመት ነው ያልከኝ?»

የአተር ፍሬዋን አፍንጫ ነቅላ ወረወረቻት፤ ሄዳ የጀግናው ግንባር ላይ ተለጠፈች። ጀርባዋን ለልጆቹ ሰጥታ ትንፋሿን ሳበች። ከዚያ ዞራ ሳቀች። ሳቁ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚጎተት ባልዲ ታች እየተንጓጓ ጀመረ፤ እየወጣ፣ እየወጣ መጥቶ ጣሪያው ላይ ፈነዳ። የዓመታት ሳቋን ሁሉ አንድ ላይ የሳቀችው ነበር የሚመስለው፤ ባዶ ፊቷን ይዛ፣ ያለ ኪንታሮት፣ ያለ ምንም።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ተራ የያዙት ልጆች ተበታተኑ። ጥርሰ ወላቃው ወንበር ሥር ገባ፤ አስተማሪዋ ወንበር ላይ ወጣች። ብርሃኑ ቦግ፣ ጢሱ ቡልቅ አለ። ጀግናው ከእንቅልፉ ባንኖ ቀና ሲል ጠንቋይዋ ከፊቱ ቆማለች፤ ሰይፉን እዚያው ትቶ፣ አተሯን ግንባሩ ላይ እንደያዘ በመጋረጃው ሾልኮ ጠፋ። ሚጢጢ ብቻ እንባዋ ሳይደርቅ ወንበሯ ላይ ቆማ ትዘላለች።

«የኔ ናት! የኔ አያት ናት! አላልኳችሁም?»

የተሰረቀውን እንቅልፍ የሚያስመልስ ጀግና ስላልነበረ ቴአትሩ በጠንቋይዋ ድል ተፈጸመ። ወላጆች በማግስቱ አቤት ሳይሉ አልቀሩም፤ እሱ የአዘጋጁ ጣጣ ነው።

እትዬ አፍንጫ መልበሻ ክፍሏ ገብታ ፊቷን ልትጠርግ ጥጥ ስታነሣ በሩ ተበረገደ።

«እንዳትጠርጊው!» አለች ሚጢጢ። ሮጣ መጥታ ጭኗ ላይ ጉብ አለች፤ በጣቷ ከቅንድቧ ላይ ጥቁር ቀለም ነክታ የራሷን ጉንጭ ቀባች። እትዬ አፍንጫ አንገቷ ሥር ሳመቻት፤ እንባዋ መጣባት፤ አልደበቀችውም።

ልጅቷ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። «አያዬ፣ እነዚህስ የማን አያቶች ናቸው?»

ብሩሽ ሊያጥብ የገባው ቀለም ቀቢ ወደ እትዬ አፍንጫ ዞረ። እትዬ አፍንጫም ሥዕሎቹን ቀና ብላ አየች።

«እኔ እንጃ የኔ ዓለም። የሆነ ልጅ አያቶች ግን ናቸው።»

«ጥሩ ያስፈራሉ?»

«የሚያስፈሩ አይመስለኝም። ሰው ግን ፈርቷቸው ነበር።»

ሚጢጢ አሰበችበት። ድመት የታቀፈችዋን አሮጊት ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «እንግዲያው እኛ እንሳቅላቸዋ» አለችና ትንፋሿን ሳበች።

ያ ሳቅ ከዚያች ሚጢጢ ደረት ይወጣል ብሎ ማን ይጠረጥር ነበር! ከታች እየተንጓጓ ጀመረ፤ አያቷም ተቀበለቻት፤ ሁለቱም አንድ ላይ ጣሪያው ላይ ወጡ። ቀለም ቀቢው ብሩሹን ጥሎ «ኡኡ!» ብሎ ጮኸ። ሰገነቱ ላይ ሽቦውን ሲጠቀልል የነበረው መብራት ሠራተኛም ጩኸቱን ሰማ፤ ደንብ ደንብ ነውና ባዶው መድረክ ላይ ብርሃኑን ቦግ አደረገ።