የሊቀ መኳሱ ልጅ ጠጉር

«እሱን ይተዉት!» አለ አጋፋሪ ደሳለኝ፣ ገና ከደጅ ሳይገባ። «የልጁን ጠጉር ምላጭ እንዳይነካው። ከቤተ መንግሥት የመጣ ቃል ነው።»

ብዙነሽ ምላጩን እንደያዘች ቀረች። የባሏ ሣልስት ነው። እሷ ተላጭታለች፣ የባሏ ወንድሞችም ተላጭተዋል፤ የቀረው ልጇ ይርጋ ብቻ ነው። አባቱን ቀብሮ ጠጉሩን ያልተላጨ ልጅ ደብረ ታቦር ላይ ማን አይቶ ያውቃል?

«ምነው ጌታዬ፣ ልጁ አባቱን አያልቅስ?»

«ያልቅስ። ጠጉሩ ግን ለሹሩባ ይፈለጋል። ቁርጥ አባቱን ነው፤ የአባቱ ሹመት ለእሱ ሆኗል።»

«ታድላ!» አለች ከለቀስተኞቹ አንዷ በሹክሹክታ። «የባሏ አፈር ሳይደርቅ ሹመቱ ተመለሰላት።»

መታደል! ሹመቱ ሊቀ መኳስነት ነው። ሥራውም እንደ ንጉሡ ለብሶ፣ እንደ ንጉሡ ሹሩባ ተሠርቶ፣ በጦርነት ቀን ለንጉሡ የተላከውን ጥይት መቀበል ነው።

ባሏ ዘውገ የጉና ገበሬ ነበር፤ ከገብስ ሌላ ምን ያውቃል? የርስት ክርክር ይዞ አቤት ሊል ቢመጣ፣ ይኸው አጋፋሪ ደሳለኝ የቤተ መንግሥቱ በር ላይ አየውና ንጉሡ መስሎት መሬት ሳመ። ግቢው በሳቅ አለቀ። ዘውገ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ገብሱ አልተመለሰም።

መጀመሪያ ነገሩ ለብዙነሽም ጨዋታ ነበር። «ጃንሆይ፣ እስቲ እንጨት ይፍለጡልኝ» ትለዋለች። እሱም ካባውን እያወለቀ፣ «መንግሥቴን ናቅሽ!» ይላታል፤ ደግሞም ይፈልጥላታል። እየዋለ እያደረ ጨዋታው ቀረ። ለዘመቻ ሹሩባ በተሠራ ቁጥር እንቅልፍ ያጣል። «ብዙዬ፣ የማላውቀው ሰው ሁሉ ጠላቴ ሆነ» አላት አንድ ቀን። በመጨረሻ ጥይቱ አገኘው። ካባው ታጥቦ ወደ ግምጃ ቤት ተመለሰ፤ ዘውገ በእሷ ነጠላ ተገንዞ ተቀበረ።

አሁን ደግሞ ይርጋ!

ሄዳ አጋፋሪው እግር ላይ ወደቀች። «በወላዲተ አምላክ! አንዱን በላችሁት፣ አንዱን ተዉልኝ!»

ደሳለኝ ፊቱን አዞረ። «እኔ ምን ላድርግ እሜቴ? መልእክተኛ ነኝ። ነገ ሹሩባ የምትሠራው ሴት ትመጣለች። ጠጉሩን የነካ እጁ ይቆረጣል።» ይህን ብሎ ወጣ።

ብዙነሽ እንባዋን ጠርጋ ወደ ልጇ ተመለሰች። «ተቀመጥ» አለችው።

«እምዬ፣ ሰማሽ አይደል? እጅሽን…»

«ተቀመጥ አልኩህ! አንተን ካልያዝኩበት እጅ ምን ያደርግልኛል?»

ለቀስተኞቹ ይህን ሲሰሙ አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ወጡ፤ ማን ምስክር መሆን ይወዳል? ይርጋ ጉልበቷ ሥር ተቀመጠ። ጠጉሩ በትከሻው ላይ መውረድ ጀመረ።

«ቢላጭስ ምን ዋጋ አለው?» አለ እየተንሰቀሰቀ። «ይበቅላል እኮ።»

«ይብቀል» አለች። «እስኪበቅል ድረስ ልጄ ነህ።»

ስትጨርስ ራሱን በመዳፏ ዳበሰችው። ከጆሮው ኋላ አንዲት ጠጉር ቀርታለች። በምራቋ አርሳ ላጨቻት።