የካርቶን ጅማት

ሴትዮዋ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቀስ ብላ ስትቀመጥበት ካርቶኑ ሲጥ አለ። ከዚያ አራት ጎኑ እጥፍጥፍ ብሎ ወደ ውስጥ ገባና እሷም አብራው ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ቀጥሎ ከመቁረጫው ማሽን ወዲያ የባሏ ሣቅ መጣ።

"ልጃችን ቤት ሰንበትበት ብለሽ ስትመጪ ጠርጥሬ ነበር" አለ። "ደህና አድርጋ አብልታሻለች።"

"ሣቅ፣ ሣቅ" አለችው ከወለሉ ሳትነሳ። "መጀመሪያ ግን አንሳኝ።"

መጥቶ እጇን ይዞ አነሳት። የቀሚሷን አቧራ ሲያራግፍላትም ሣቁ አልለቀቀውም ነበር።

መቀመጡ እንኳ የቀልድ አይደለም። ባልና ሚስቱ ካርቶን መሥራት ከጀመሩ አንስቶ አዲስ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ካርቶን ባዶውን ይገጣጠምና እሷ ትቀመጥበታለች። ከቻላት ሥራው ይቀጥላል፤ ካልቻላት ይቆማል። የጥንካሬ መለኪያ የሚሉትን መሣሪያ መግዛት ሕልም በነበረበት ዘመን የተጀመረ ልማድ ነው። ኋላ መግዛት ሲቻልም እሷ እኔ ምን ሆኜ ነው ማሽን የሚገዛው ብላ ተቆጣች። ባሏም ደንበኛ በመጣ ቁጥር የድርጅቱ ዋና መሐንዲስ ባለቤቴ ናት፣ ቁጭ ብላ ነው የምትሠራው እያለ ያስተዋውቃታል። ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማችው እግዜር ይወቀው፤ አሁንም ግን ትሥቅለታለች።

እሱን ደግሞ ሰፈሩ የሚያውቀው "ሜትሩ" በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ሜትር ሳይዝ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ገና ያልታጠፈውን የካርቶን ሉክ አየት ያደርግና ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ ያሰምራል። ማስመሪያ ይዞ ሊያፋጥጠው የመጣ ሁሉ አፍሮ ተመልሷል። ሰውዬው በሌላ በሌላው ነገር ትሑት ነው፤ በዓይኑ ከመጡበት ግን አይችልም።

ዛሬ የተሳሳተው የሥራው ቅደም ተከተል ነበር። እሷ ልጃቸው ቤት በከረመችበት ጊዜ ሜትሩ የሳሙና አምራቹን ትእዛዝ አንድም ሳያስፈትሽ ሙሉውን ቆርጦ ጨርሶታል። ስትመጣ ሊያስደንቃት ነበር አሉ። የቆረጠው ሁሉ በግድግዳው ጥግ እስከ መስኮቱ ድረስ ተደርድሮ ይታያል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለሴት ብቻ አይደለም።

"እኔስ ቀልጄ ነው" አለ ሜትሩ፣ ሣቁ ቀስ በቀስ እየጠፋ። "ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ወረቀቱ ነው። ብዬ ነበር፤ ከቆሻሻ የተወለደ ወረቀት ነገ ያዋርደናል ብዬ ነበር።"

እውነትም ብሎ ነበር። ለዓመታት የሚሠሩበት ወረቀት ከባሕር ማዶ የሚመጣ፣ ፊቱ የነጣ ወረቀት ነው። አሁን ግን በዚያ ማዶ ሰው ሁሉ ዕቃውን በስልክ እያዘዘ በካርቶን ታሽጎ ይመጣለታልና ወረቀቱ እዚያው ይበላል፤ የተረፈውም የመርከቡ ኪራይ ተጨምሮበት የማይቀመስ ሆነ። ይህን ሁሉ ያስረዳቻቸው ልጃቸው ናት። ጭነት አጓጓዥ ድርጅት ውስጥ ስለምትሠራ ምን ከየት እንደሚመጣ፣ ምን እንደቀረ ታውቃለች። ጎረቤት አገር አሮጌ ካርቶን ሰብስቦ፣ አቡክቶ አዲስ ወረቀት የሚያወጣ ፋብሪካ መከፈቱን የነገረቻቸውም፣ ከፋብሪካው ጋር ያገናኘቻቸውም እሷ ናት። ትናንት ሰው ረግጦት የሚያልፈው ውዳቂ ካርቶን ዛሬ ሰው የሚሻማበት ዕቃ ሆኗል። ሜትሩ ግን ወር ሙሉ አሻፈረኝ ብሎ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህ ሰውዬ ከወረቀት ጋር ሲኖር ሲኖር ጠባዩ ተጋብቶበታል ብላ ሚስቱ ለልጇ አምታዋለች።

አሁን ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ የተሰበረውን ካርቶን አነሳችና ጠርዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ካርቶን ላዩ ጠፍጣፋ ይምሰል እንጂ በሁለቱ ልባሶች መሃል እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የሚጣጠፍ ሦስተኛ ወረቀት አለው። እነሱ ጅማት ይሉታል። ጅማቱ ቆሞ ከተቆረጠ ካርቶኑ ሰው ይሸከማል። ተጋድሞ ከተቆረጠ የራሱ ክብደትም ይበዛበታል።

የዚህኛው ጅማት ተጋድሟል። ከክምሩ ሌላ መዘዘች፤ እሱም ተጋድሟል። ከሥር፣ ከመሃል እየመዘዘች አየች። ሁሉም።

ወዲያው ገባት። የባሕር ማዶው ሉክ ሁልጊዜ በረጅሙ ጎኑ ከተያዘ ጅማቱ ይቆማል፤ ስለዚህ ባለፉት ዓመታት ማንም ጠርዙን ማየት አላስፈለገውም። የአዲሱ ፋብሪካ ሉክ ግን በተቃራኒው ነው የሚመጣው። ይህ በራሱ ምንም አይደል። የድሮው ሜትሩ ከበር ላይ ሆኖ አይቶ፣ "ይኼ ነገር ዞሯል" ይል ነበር። ያሁኑ ሜትሩ አላየም።

ሌላ ሌላውም ነገር ተራ በተራ መጣባት። ጋዜጣ ማንበብ የተወው ወሬው ሰለቸኝ ብሎ ነው። አንድ ጠዋት በር ላይ የተሰቀለውን የዝናብ ካፖርት "እንደምን አደርክ" ሲለው ሰምታ፣ ቀልዱ መስሏት ከት ብላ ሥቃለች። እሱም አብሯት ሥቋል። ያን ሣቁን አሁን ስታስበው አንጀቷን በላት።

"ስትቆርጥ ጅማቱን አይተኸዋል?" አለችው፣ ድምፅዋን እንደ ዘበት አድርጋ።

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው! አይቼ ነው የቆረጥኩት።"

ሰው ሁሉ የሚምለው መሐላ ነው። ዛሬ ግን የያዘችውን ካርቶን ቀስ ብላ ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

ሜትሩ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። "የልጅቷን ቁጥር አውጪልኝ፤ እጄ ሙጫ ነው። ይህን ወረቀት መልሰው ይውሰዱልን እላታለሁ።"

እጁ ሙጫ አልነካውም። ስልኩን ተቀብላ የፊት ኪሷ ውስጥ ከተተችውና ቆይ፣ ሻይ ልጠጣ አለችው።

ሻዩ ሳይፈላ የሳሙና አምራቹ መጣ። ወጣት ነው፤ ፋብሪካውን ከአባቱ ተረክቦ፣ የአባቱን ደንበኞች ደግሞ ከነማዕረጋቸው "ጋሼ"፣ "እትዬ" እያለ የያዘ። ነጭ ሱሪ ይወዳል። ሳሙናው መጋዘን ውስጥ እስከ ጣሪያ ስለሚደረደር የታችኛው ካርቶን ከተኛ ሁሉም ይተኛል፤ ስለዚህ ገና እንደገባ ዓይኑ የተጨማደደው ካርቶን ላይ አረፈ።

ሜትሩ ቀደመው። ወረቀቱ እንደማይረባ፣ ከውዳቂ እንደተሠራ፣ ልጁ ወጣት ስለሆነች አታለዋት እንደሆነ ዘረዘረለት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነውና በተናገረ ቁጥር ድምፁ እየጨመረ ሄደ።

ወጣቱ በትሕትና ሰምቶ ጨረሰ። "ወረቀቱ ከሆነማ ምን ይደረጋል ጋሼ" አለ። "እኔም ልነግርዎ ስፈራ ነበር። የፕላስቲክ ሣጥን የሚያቀርብ ሰው አግኝቻለሁ። ከአባቴ ጀምሮ አብረን ስለሠራን ነው እንጂ ..." የቀረውን ዋጠው።

ሴትዮዋ በሁለቱ መሃል ቆማ አሰበች። ወረቀቱ ነው ከተባለ ወረቀቱ ይመለሳል፤ ሌላ ወረቀት ደግሞ ከየትም አይመጣም። ይህ ደንበኛ ይሄዳል፤ እሱን አይቶ ሌላው ይከተላል፤ ደጁም ይዘጋል። ልጃቸውም አባቷን ያዋረደች ሆና ትቀራለች። እውነቱ ከተነገረ ደግሞ ሜትሩ አላየም የሚለው ወሬ ከዚህ ልጅ ቀድሞ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ የክብር ስሙ መሣቂያ ይሆናል። ያ ሰው ሲሣቅበት ማየት አትችልም። ትወደዋለች፤ ነገሩ ሌላ ማብራሪያ የለውም።

"ወረቀቱ አይደለም" አለች። "እኔ ነኝ። ሉኩን አጋድሜ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።"

ሜትሩ አፉን ከፈተ። ሲቆረጥ እሷ ልጅቷ ቤት እንደነበረች ያውቃል። ከሱ በቀር ሉክ የነካ ሰው እንደሌለም ያውቃል። አፉን መልሶ ዘጋው።

እሷ ጊዜ አልሰጠችውም። ከአዲሱ ወረቀት ገና ካልተቆረጠው አንድ ሉክ ጎትታ አወጣችና ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። አዙራ ማሽኑ ላይ አስተኛችውና ራሷ ቆረጠችው። ይህን ማሽን ከነካችው ዘመን ቢያልፍም እጇ አልረሳውም። አጠፈች፣ ለጠፈች፣ ሙጫው ያዝ እስኪያደርግ ጠበቀች፤ ከዚያም ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠችበት።

ካርቶኑ ሲጥ አለ። ቀጥሎ ዝም አለና ተሸከማት።

"በል ና፣ አንተም ሞክረው" አለችው ወጣቱን፣ ከላዩ ተነስታ።

ወጣቱ ሱሪውን አየ፤ ካርቶኑን አየ። ሴትዮዋ በመሐረቧ ጠረግ አደረገችለት። እግሩን ሰብስቦ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ቀጥሎ ዘና አለ፣ ኋላም ሆን ብሎ ሁለት ጊዜ ነጠር ነጠር አለበት። ካርቶኑ ንቅንቅ አላለም።

"ከድሮውም ይበልጣል እኮ እትዬ" አለ።

"እንዴት አይበልጥ? አንዴ ካርቶን ሆኖ የኖረ ነው፤ ሥራውን ለምዶታል።"

እየሣቀ ወጣ፤ ከበሩ ሳይርቅም በስልክ ለመጋዘን ሠራተኛው ዕቃው እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንደሚደርስ ሲነግረው ተሰማ። ስለ ፕላስቲኩ ዳግመኛ አላነሳም።

ሜትሩ ወጣቱ የለቀቀው ካርቶን ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። ትከሻው ዝቅ ብሏል። እሷ ሻዩን ቀድታ ከጎኑ አስቀመጠችለት፤ ብርጭቆው የቱ ጋ እንዳለ እንዳይፈልግ እጁን ይዛ ልትመራው ቃጣትና ተወችው።

"ለምን ዋሸሽ?" አለ።

"ስወድቅ የሣቅከው አንተ ነህ። ጥፋተኛም እኔው ልሁን ብዬ ነው።"

አልሣቀም። አጋድሞ የቆረጠው ክምር ምን እንደሚሆን ጠየቃት። የሚበቃው በሳሙናዎቹ መሃል ለሚገባ መለያያ እንደሚቆረጥ፣ የቀረውን ውዳቂ ሰብሳቢው እንደሚወስደው ነገረችው። ተመልሶ እዚያው ፋብሪካ ይገባል፤ ይቦካል፤ ወረቀት ሆኖ ተመልሶ ይመጣል አለችው። አዳመጣትና ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ከመሳቢያው ማርከር አውጥታ ያልተቆረጡት ሉኮች ዘንድ ሄደች። እያንዳንዱን ጠርዙን እየዳበሰች፣ ጅማቱ በሚቆምበት በኩል ቀስት መሣል ጀመረች። ሜትሩ የማርከሩን ድምፅ ሰማ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ሥራው ሲበዛ ሰው መቅጠራችን አይቀርም" አለች ቀና ሳትል። "አዲስ ሰው አቅጣጫው እንዳይጠፋው።"

ተነሳ። መጥቶ ከጎኗ ቆመና ሉኩ ላይ ጎንበስ አለ፤ እንደገና ጎንበስ አለ፤ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረው። እሷ የማርከሩ ክዳን የጠፋባት መስላ ወለሉን ትፈልግ ጀመር። ክዳኑ እጇ ውስጥ ነበር።

"ቀጭን ነው" አለ።

"ለአዲሱ ሰው ይበቃዋል።"

ሜትሩ ቀና አለና እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ፤ ጥቂት እጁ ላይ አገላብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ለአዲሱ ይበቃው ይሆናል" አለ። "ለእኔ ግን ወፈር አድርጊው። አይታየኝም።"

ሴትዮዋ በሣለችው ቀስት ላይ ደጋግማ አሰመረችበት። እሱ ሉኩ እንዳይንሸራተት ጠርዙን ያዘላት፤ በአውራ ጣቱም ጅማቱን መዳበስ ጀመረ።