ሻለቃ ፎቶ የተነሣ ዕለት

ወንድሜ ውሻችንን ፎቶ አስነሥቶ ሊያስገድለው ነበር። እንዲህ ቁርጥ አድርጌ ካልተናገርኩት እሱ እንደሚለው «ማስታወሻ አስቀርቶ ማሳረፍ» ይመስላችኋል። ማሳረፍ! ሰው ለክፉ ሥራው የሚያምር ቃል መች ያጣል።

ውሻው ሻለቃ ይባላል። ስሙን ያወጣለት አባዬ ነው፤ ገና ቡችላ ሳለ ግቢ ውስጥ ጎርደድ ጎርደድ ሲል አይቶት። አባዬ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከሥራ ሲመለስ ኮቴውን ሻለቃ ከሁላችን ቀድሞ ይሰማና በር ላይ ይጠብቀው ነበር። አባዬ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሻለቃም አሁን ጆሮው አይሰማም፣ አንድ ዓይኑ ወተት መስሏል፣ የኋላ እግሮቹ አይታዘዙለትም። ግን ይበላል። ፀሐይ ይሞቃል። የእንስሳት ሐኪሙ ራሱ «አርጅቷል እንጂ አልታመመም» ብሎኛል። ግን ማን ይሰማኛል!

ጋሼ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው። በዓመት አንዴ ብቅ ይልና ቤቱን ሁሉ ካላስተካከልኩ ብሎ ያምሰናል። ዘንድሮ ዓይኑ ያረፈው ውሻው ላይ ነው። «እማዬ እሱን ስትሻገር ወድቃ ዳሌዋ ቢሰበርስ?» አለ። እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ ጋሼ ያለውን ከመድገም በቀር ሌላ ሥራ የላትም። «እውነቱን ነው፤ ዳሌ ቀልድ አይደለም» አለች። ሁለቱ ወጥ ቤት ቆመው ጨረሱት። ጠዋት ስቱዲዮ፣ ከሰዓት መርፌ። ለእማዬ ደግሞ «ሐኪም ቤት አደረ፣ በእንቅልፉ ሞተ» ሊባል።

«አንቺም አፍሽን ትይዣለሽ» አለኝ ጋሼ።

«ያበላሁት እኔ፣ ያጠብኩት እኔ፣ ደረጃውን ተሸክሜ ያወጣሁ ያወረድኩት እኔ! አንተ ከየት መጥተህ ነው?»

«ለአንቺም አዝነን እኮ ነው፣ ቁንዶ።»

ቁንዶ በርበሬ የሚለኝ አባዬ ነበር። እሱ ሲለኝ ደስ ይለኛል። ጋሼ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ተጯጯህን። እማዬ ከመኝታ ቤት «ምንድን ነው እሱ?» ስትል ግን ሦስታችንም ጸጥ አልን። ደም ግፊት አለባት፤ እሷ ፊት እንዴት ላውራው?

ሲነጋ ጋሼ ስስ ሸሚዝ ብቻ ይዞ መምጣቱ ትዝ አለው። ፎቶ አንሺው ደግሞ ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ ብሎናል። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሄዶ የአባዬን ኮት ከቁም ሣጥን አወጣ! አባዬ ከሞተ ጀምሮ ማንም ያልነካውን፣ የሥራ ኮቱን! የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ከእማዬ አንገት ወርዶ አያውቅም፤ በምን እንደከፈተው እንጃ። «ልክክ አለልኝ እኮ» ይላል ደግሞ መስታወት ፊት እየተገላበጠ። እማዬ አየችው፣ ምንም አላለችም። የበኩር ልጅ ምን ይባላል?

ሻለቃ ገና ጓሮ ተኝቶ ሳለ እማዬንና እትዬን በመኪናው ይዞ ሄደ። ሻለቃስ? «ጸጉሩ ወንበሬ ላይ ይቀራል።» እንግዲህ ጉድ በሉ! ለሚገድለው ውሻ ነፍስ ያላዘነ ሰው ለወንበሩ አዘነ። እኔ ሻለቃን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መንገድ ዳር ታክሲ ስለምን ቆየሁ። ስንቱ ቆሞ፣ አየት አድርጎን፣ ጥሎን ሄደ መሰላችሁ። በመጨረሻ አንዱ አንጀቱን በላነውና ጫነን።

ስቱዲዮው ጥቁር መጋረጃ የተዘረጋበት አንድ ሰፊ ክፍል ነው። መብራቶቹ ምድጃ ናቸው። ግድግዳው ላይ አፋቸው የሸበተ ውሾች ከነቤተሰባቸው ተሰቅለዋል። ፎቶ አንሺው፣ ቦርጫም ሰውዬ፣ የሻለቃ እግር እንዳይንሸራተት ወፍራም ምንጣፍ አነጠፈለትና ራሱ በሆዱ ወለሉ ላይ ተኛ።

«ያረጀ ውሻ ለካሜራ ፊቱን አይሰጥም» አለን። «ለሚወደው ሰው ነው የሚሰጠው። ከጀርባዬ የሚወደው ሰው ይቁምልኝ። ማንን ነው የሚወደው?»

«እኔን!» አልኩና ሄጄ ቆምኩ።

ሻለቃ አገጩን ምንጣፉ ላይ ዘርግቶ ተጋድሟል። እጄን አወዛወዝኩለት። ሥጋ አሳየሁት። በደህናው ዓይኑ ገርመም አደረገኝና መልሶ ጨፈነ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይላሉ። ውሸት! ስንት ጊዜ ከእጄ የጎረሰ ውሻ፣ ሰው ፊት አሳፈረኝ። በሱም ተናደድኩ፤ ምን ልደብቃችሁ። ቀጥሎ እትዬ ቆመች፤ እሷንማ ጭራሽ ዓይኑን አልገለጠላትም፣ እሰይ። እማዬም ቆመች። ለእሷ ጭራውን አንዴ ብቻ መታ አደረገላትና ተወው።

ጋሼ ይሄን ሁሉ ጊዜ በር አጠገብ ቆሞ በስልክ ያወራል። «አዎ፣ ከሰዓት ይዘነው እንመጣለን» ሲል ሰማሁት። ስልኩን ኪሱ ከተተና «ኧረ ቶሎ በሉ፣ ቀጠሮ አለን!» እያለ ወደ መብራቱ መጣ።

የሻለቃ አፍንጫ ተነሣ። ቀጥሎ ጭንቅላቱ ተነሣ። ከዚያ የፊት እግሮቹ፣ ከዚያ እኔ ተሸክሜያቸው የምዞረው የኋላ እግሮቹ። እንደ ቡችላ እየተነፋረቀ፣ እየተንገዳገደ፣ ምንጣፉን አቋርጦ ሄደና አፍንጫውን ኮቱ እጅጌ ውስጥ ወሸቀ። ጭራው መቆሚያ አጣ። ካሜራው ቀጭ ቀጭ አለ።

ጋሼ ፊቱ ተለዋወጠ። ተንበረከከ። «እኔን ነው?» አለ። «አልረሳኝም! አያችሁ? በዓመት አንዴ እየመጣሁ እንኳ ያውቀኛል!» ዕንባው ዱብ ዱብ ይላል። እትዬም ተከትላ ለቅሶዋን አቀለጠችው።

ያኔ ውስጤ እንዴት እንደነደደ ልንገራችሁ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንተን አይደለም! አንተ ማን ሆነህ? አባዬን ነው! ሁለት ዓመት በር በሩን ሲያይ የኖረው አንተን ብሎ መሰለህ? ልለው አፌን ስከፍት ጋሼ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።

«ቀጠሮውን ሰርዙልኝ» አለ አፍንጫውን እየጠረገ። «አይ፣ ሌላ ጊዜም አይመጣም። ይሄን ውሻ ማንም አይነካብኝም።»

አፌን መልሼ ገጠምኩ። ብናገር ሻለቃ ይሞታል፤ ዝም ብል ጋሼ ይነግሣል። ይንገሣ!

ፎቶ አንሺው ቀና አለና «ጌታዬ፣ ላብ አጠመቀዎት። ኮቱን ቢያወልቁትስ?» አለ። ጋሼ «እውነትም» ብሎ አንዱን እጁን ማውጣት ጀመረ።

ክው አልኩ። ኮቱ ወንበር ላይ ከተሰቀለ ሻለቃ ኮቱን ተከትሎ ወደ ወንበሩ ይሄዳል። ያኔ ሁሉም ነገር አበቃ።

«አታውልቅ!» ብዬ ጮህኩ።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። «ምን ሆነሻል አንቺ?» አለ ጋሼ። ምን ልበለው?

«አታውልቀው ልጄ» አለች እማዬ ከተቀመጠችበት። «ያምርብሃል። አባትህን መስለሃል።»

ጋሼ እጁን መለሰ። እማዬ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች፤ ያኔ ነው አንገቷ ላይ ያለው ቁልፍ ትዝ ያለኝ።

ቤት ስንገባ ጥግ ይዤ አፋጠጥኳት። «አንቺ ነሽ የከፈትሽለት!»

«እና ማን ይክፈትለት? እንዲያ እየጮኻችሁ አልሰማም ብላችሁ ነው?» አለች። «ባለፈው ቁም ሣጥኑን ስከፍት ሻለቃ እየተንፏቀቀ መጥቶ ኮቱ ሥር አላዝኗል። ወንድምሽን ደግሞ የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ሲወዱት ልቡ ቅቤ ነው።»

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«አንቺማ፣ የኔ ቁንዶ፣ አፍሽ መች ይያዛል!»

ጋሼ ሊሄድ ሲል እማዬ ኮቱን ተውልኝ አለችው፣ ትቶላት ሄደ። ፎቶው በትልቁ ታጥቦ ሳሎን ተሰቅሏል። መሐሉ ላይ ጋሼ እያለቀሰ፣ ሻለቃ አፍንጫውን እጅጌው ውስጥ ወሽቆ። እኔ ዳር ላይ ግማሽ ፊት ነኝ፣ እሱም የተኮሳተረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር እትዬ «ውሻውን ያተረፈው እኮ ጋሼ ነው» ትላለች። እኔ ሳህኖቹን እያንጓጓሁ አጥባለሁ። ሆድ ይፍጀው።

ጋሼ አሁን ቶሎ ቶሎ ይደውላል። ከሰላምታ በፊት «ሻለቃስ? ይፈልገኛል?» ነው የሚለው። በመስኮት አያለሁ። ሻለቃ ኮቱ ተነጥፎለት በሩ ሥር ተኝቷል፣ አፍንጫው ወደ መንገዱ ነው።

«ይፈልግሃል ጋሼ» እለዋለሁ። «ይኸው፣ በር በሩን እያየ ነው።»