የኮሪደሩ ከበባ

ሰውዬው ተርጓሚ ነው። እንደ ሰው ዝም ብሎ ቢተረጉም ምናለ! እሱ ግን አንድን ቃል ቤት ውስጥ ካልኖረበት አይጽፈውም። «ያልኖሩበት ቃል በድን ነው» ይላል። አሳታሚው የወታደራዊ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅ ካዘዘው ወዲህማ ቤቱ ጦር ሜዳ ሆኖላችኋል። «ደፈጣ»ን ልፈትን ብሎ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ኋላ ዱብ ሲልባቸው፣ አማቱ የያዙትን ሳፋ ሙሉ ውሃ እግራቸው ላይ ደፉት፤ ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት ዝር አላሉም። «ራሽን» ላይ ሲደርስ ደግሞ ስኳሩን ቆለፈ። ሚስቱ ነርስ ናት። የሆስፒታሉ በሽተኛ አልበቃ ብሏት ቤትም ይኼ ይጠብቃታል።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ ከአዳር ሥራዋ ስትመለስ ኮሪደሩ ተዘግቷል። የባሏ የጽሕፈት ጠረጴዛ የልጃቸው መኝታ ቤት በር ላይ በአግድም ተገትሯል። መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ተቆልሏል፤ ከኋላው ጌታው ተሰይሟል።

ልጅቷ የሕክምና ተማሪ ናት። ባለፈው ሳምንት ሻንጣዋን ይዛ መጥታ «በቃኝ» አለች። ለምን ቢሏት ወይ ፍንክች። ትናንት ከአባቷ ጋር ተጯጩኸው ክፍሏን ቆለፈች። ትምህርት ቤቱ የሰጣት ቀነ ገደብ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል፤ እስከዚያ ደውላ «እመለሳለሁ» ካላለች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። እናት መንገዱን ሁሉ ይኼንኑ ስታብሰለስል ነው የመጣችው።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?»

«ሲጅ» አላት ቀና ሳይል። «ስንት ቀን ስፈልገው የነበረ ቃል፣ ቤቴ ድረስ መጣልኝ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?»

«ስሚኝማ። ከበባ ብዬ ብቻ ብተወው ይጎድላል። መክበብማ መንገደኛም የተጋጨ መኪና ይከባል። ብሎኬድ ካልሽኝ እገዳ ነው፤ መንገድና ወደብ ይዘጋል፣ በቃ። ወረራም አይደለም፤ ወራሪ ዘው ብሎ ይገባል። ሲጅ ግን ይከባል፣ ይዘጋል፣ ያስርባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይቀመጣል። ሥሩ እኮ በድሮ ፈረንሳይኛ መቀመጫ ማለት ነው! ከተማው ፊት ወንበርሽን ታስቀምጪና እጁን እስኪሰጥ ትጠብቂያለሽ።»

«ልጅህ ከተማ ናት?»

«እልኸኛ ከተማ።»

ወጥ ቤት ገብታ ዳቦና ሻይ ይዛ ብትመለስ እጁን ዘርግቶ አገዳት።

«ስንቅ አይገባም። ስንቅ ከገባማ ምኑን ከበባ ሆነ?»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ሰዓቱን እያየኸው ነው?»

እያየው ነበር። እንዲያውም ከሰዓቱ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ከንፈሩ ደርቋል። ለካ እሱም ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ሽንት ቤት እንኳ አልሄደም።

«ብነሳ ትወጣና ታመልጠኛለች» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሳትወድ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቷ ባሰ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይሏል ይኼ ነው።

«ቢሊገር የሚባል ቃልም አለ» አለ ደግሞ፣ ቃል ሲያወራ ፍርሃቱ የሚቀልለት ይመስል። «እሱ ለሰውም ይሆናል። መከራ ዙሪያውን ይዞ መላወሻ ሲያሳጣ፤ ማስጨነቅ፣ ማዋከብ፣ መድረሻ ማሳጣት...»

«እሱን ለእኔ ጻፍልኝ!» አለችና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ወጣች። «ኧረ ወረቀቴን!» ብሎ ቢጮህ ጆሮ ዳባ ልበስ። በወዲያኛው በኩል ወርዳ በሩን አንኳኳች። «ልጄ፣ እኔ ነኝ።»

ቁልፉ ዞረ፤ ገባች።

ልጇን ተሸፋፍና ተኝታ አገኛታለሁ ብላ ነበር። ልጅቷ ግን ፀጉሯን አበጥራ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ስልኳን በእጇ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«የትም። ጠዋት ልወጣ ነበር። ልመለስ ወይስ ልተው ብዬ አባዬን ላማክረው በሩን ስከፍት፣ እሱ ጠረጴዛውን እየጎተተ ነው። ‹አሃ! እጅሽን ልትሰጪ ነው?› አለኝ። መልሼ ዘጋሁት።»

«ምን ብለሽ ልታማክሪው?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «አንድ ሽማግሌ እጄን እንደያዙ ሞቱ፣ እማዬ። የመጀመሪያ በሽተኛዬ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ የበሽተኞች ክፍል መግባት አቃተኝ።»

«ይኼን ለእኔ አትነግሪኝም? እናትሽ እኮ ነርስ ናት!»

«አንቺ ‹ይለመዳል› ትዪኛለሽ። እኔ የፈራሁት መልመዱን ነው።»

እውነት ነው፤ እናት ልክ እንደዚያ ልትላት ነበር። በነገሩ ተናደደች፤ በማን እንደተናደደች ግን እሷም አላወቀችው።

በሩ ስስ ነው፣ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ውጭ ይሰማል። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰሙ። ቀጥሎ ጠረጴዛው ወለሉን እየፋቀ ሲጎተት፣ መጻሕፍቱ ሲናዱ፣ ኮቴው ሲርቅ። እናት ብቅ ብላ ብታይ ኮሪደሩ ባዶ ነው። ወጥ ቤት ዘይት ይንጫጫል።

እናትና ልጅ ተከታትለው ሲገቡ እንቁላሉን ግማሹን አሳርሮታል። የሚስቱን ሽርጥ ገልብጦ አስሯል። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ነው፤ ለስድስት ትንሽ ቀርቶታል። ልጅቷ ለሰዓቱ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፣ ስልኩ ጉልበቷ ላይ ነው። አሁን ይናገራል፣ አሁን «ደውዪ» ይላታል ብላ እናት ጠበቀች። ባሏ አንድ ቃል ተናግሮ ሌላ አምስት ሳይጨምርበት የማይውል ሰው ነው።

ሳህኑን ልጁ ፊት አስቀመጠና አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሽማግሌው» አላት፣ «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ማውራት ጀመረች። ሽማግሌው ቀልደኛ እንደነበሩ፣ መርፌ ሲወጉ ዓይናቸውን እንደሚጨፍኑ፣ ጠያቂ እንዳልነበራቸው፣ ማታ ማታ ስሟን እየጠሩ ውሃ እንደሚጠይቋት። እያወራች አለቀሰች፤ እያለቀሰች አወራች። እናት ሰዓቱን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው። እሱ ግን እግሩን ወደ ራሱ ሰብስቦ ማድመጡን ቀጠለ። አንድም ቃል አላረመም፣ ቀና ብሎም ሰዓቱን አላየም። የሰዓቱ መርፌ ሄዶ ሄዶ ስድስትን አለፈ። እናት ኡኡ ልትል ምንም አልቀራት።

ልጅቷ ጨርሳ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ያኔ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ደንገጥ አለች።

«አባዬ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?»

«አልፏል» አላት። «በይ ብዪ፣ እንቁላሉ ቀዘቀዘ።»