ከቪዲዮው ሥር የተጻፈው

ጡረተኛው ቻይናዊ የአውቶቡስ ሾፌር ኩዋንግ ደሹን ዕድሜውን ሙሉ ያጨበጨበለት ሰው አልነበረም። አሁን ግን በሺህ የሚቆጠር ሰው አጨበጨበለት፤ ያውም ለአንዲት መስመር ጽሑፍ።

ነገሩ የመጣው በልጁ በፔይላን ነው። ፔይላን ጓንግዡ ከተማ ውስጥ ልብስ የሚነግደውን ማሊያዊ ባካሪን ካገባች ወዲህ ሄንግያንግ ያለውን የአባቷን ቤት አልረገጠችም። “ብቻሽን ከሆነ ነይ” ብሏታላ! ሰሞኑን ሕፃን ልጃቸው ስትስቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀች። ሽማግሌው የልጅ ልጁን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር፤ ደጋግሞ አየው። ከዚያ ከሥሩ የተጻፈውን ማንበብ ጀመረ። ከሲቹዋን፣ ከሻንዶንግ፣ ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበ ሰው፣ አፍሪካዊ አግብታለች እያለ ፔይላንን ይሳደባል። ስድቡን ሲያነብ ቆይቶ የቆየ እልሁ ተነሣበት። በሎተስ አበባ ምስልና “ሰላማዊ ተራራ” በሚል ስም ተከልሎ “አባቷ ጎረቤት ፊት እንዴት ቀና ብሎ ይሄዳል?” ብሎ ጻፈ።

የልብ ምልክት ይጎርፍለት ጀመር። ስልኩን እያየ ሩዙን ረሳው። ደስ አለው፤ ምን ይደበቃል።

በማግስቱ ግን ወሬው ወደ ሕፃኗ ዞረ። “ይቺንም ወደ አባቷ አገር ይመልሷት” አለ አንዱ። ሌላው ከዚያም የባሰ ጻፈ። ሽማግሌው አላስቻለውም። “አያቷ ነኝ። ልጂቱን ተዉአት!” ብሎ መለሰ።

“አያቷም አፍሮባታል በላ!” ብለው ተሳሳቁ። “ይኸው ራሱ መሰከረ!”

ጽሑፉን አጠፋው። ምን ዋጋ አለው፣ ፎቶ አንሥተው ማዞር ጀምረዋል። ወንበሩ ላይ ኩርምት ብሎ በራሱ አፈረ።

ማታ ፔይላን ደወለች።

“አባዬ፣ በላህ?”

“በላሁ” ብሎ ዋሸ።

“ሰላማዊ ተራራ፣ ሎተስህ ታምራለች።”

“እንዴት አወቅሽ?”

“በራስህ ስልክ ቁጥር ተመዝግበህ ትደበቃለህ እንዴ? ስልኬ ‘የምታውቂው ሰው ነው’ ብሎ ነገረኝ እኮ።”

“አጥፍቼዋለሁ።”

“ሳታጠፋው ባካሪ አይቶታል።”

ኩዋንግ ከወንበሩ ብድግ አለ። “ምን አለ?”

“ቻይንኛ ያወራል እንጂ የኛን ጽሑፍ አያነብም። ይሄ ሁሉ ልብ የተሰጠው ምን ብሎ ነው ሲለኝ፣ አባቴ ነው አልኩት።”

“ምነው ልጄ!”

“ለጨረቃ በዓል ልጂቱን ይዛችሁ ኑ ይላል አልኩት። ከዚያ ወዲህ ላንተ ሻይ ሲመርጥ ነው የሚውለው። አሁን ምን ልበለው?”

“እንደዚያ ነው የጻፍኩት በይው።”

“አልጻፍክም፣ አባዬ። አሁን በአፍህ በለው።” ስልኩን ለባሏ ሰጠችው።

“አባባ፣ እንደምን አመሹ?” አለ አንድ ለስለስ ያለ የወንድ ድምፅ።

ኩዋንግ ይህን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም። ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

“ባካሪ” አለ። “ልጂቱን ይዛችሁ ኑ።”