በእህቴ ድምፅ የመለስኩት ስልክ

ቤተሰቡ እኔን የሚጠራኝ ቴፕ ብሎ ነው። የሰው ድምፅ አንዴ ከሰማሁ ቀድቼ አስቀራለሁ። የሂሳብ አስተማሪያችንን ድምፅ አስመስዬ ክፍሉን ሙሉ ፀጥ ያሰኘሁ ቀን ከትምህርት ቤት ጋር መኳረፍ ጀመርን፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ ጭራሽ ተለያየን። ከዚያ ወዲህ በታላቅ እህቴ ስፌት ቤት ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ አፌን ደግሞ በነፃ አሠራለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚዋጣልኝ የእህቴ ድምፅ ነው። እሷ ደንበኛ ስትለካ ስሟት! "ሆድህን አትሳብ፤ ሱሪውን የምትለብሰው እየተነፈስክ ነው" ትላለች። ሰውየው ይስቃል፣ ሆዱን ይለቃል፣ በሳምንቱ ወንድሙን ይዞ ይመጣል።

ይሄ ከመውለዷ በፊት ነው።

ሱቁና ቤቱ አንድ ነው። ከፊት ሁለት የስፌት መኪናና የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ። ሕፃኗ ከመጣች ዘጠኝ ሳምንቷ ነው። ሁላችንንም ስለምታዝ አለቃ ብያታለሁ። እህቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳ ታያለች። ጡት ትሰጣታለች፣ ዳይፐር ትቀይርላታለች፣ ምንም አታጓድልም። ግን እንደ ደንበኛ ልብስ ነው የምትይዛት፤ እንዳይቆሽሽ ተጠንቅቃ፣ ነገ ባለቤቱ መጥቶ የሚወስደው ይመስል።

እዚያው ቤት ውስጥ እያለች ናፈቀችኝ። ሰው ርቆ ቢሄድ ቢያንስ ስልክ ይደወልለታል። መጋረጃ ወዲያ ላለ ሰው በምን ይደወላል?

ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ነው፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቅ ይላል። "ድካም ነው፣ ትተኛ" ይላል። ጎረቤታችን ባለሱቋ ደግሞ፣ "ሞልቶላት! እኛ በወለድን በሳምንታችን ጎንበስ ቀና ብለናል" ትላለች። ደንበኛ "የት ሄደች?" ሲል እኔ "ተኝታለች" እላለሁ። በኔ አፍ ስንት ጊዜ እንደተኛች ቢቆጠር እስካሁን አልነቃችም።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ከጤና ጣቢያ ነርሷ ትደውላለች። ለወለዱ ሁሉ እየደወለች ትጠይቃለች። መጀመሪያ ስትደውል ስልኩን ለእህቴ ብሰጣት እጇን አላነሳችም።

"ደህና ናት በያት" አለችኝ።

"ራሷን አቅርቢልኝ" አለች ነርሷ።

መጋረጃውን አየሁ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። "አቤት ሲስተር" አልኩ፣ በእህቴ ድምፅ።

"እንቅልፍ እንዴት ነው እናቱ?"

"አለቃችን ከፈቀደች እንተኛለን።"

"ሆድ ይብስሻል? ያስለቅስሻል?"

"የሚያስለቅሰኝ የታናሽ እህቴ አዘማዘም ነው!"

ነርሷ ሳቀች። እኔም ጎበዝ ነኝ ብዬ ኮራሁ። በሁለተኛውም ሐሙስ እንደዚያው አደረግኩ። እውነቱን ልናገር? ነርሷን ለመሸኘት ብቻ አልነበረም። ያ ድምፅ ቤት ውስጥ እንዲሰማ ፈልጌ ነው። ሐሙስ እስኪደርስ እቸኩል ነበር።

በሦስተኛው ሐሙስ ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል መጋረጃው ተገልጧል። እህቴ ቆማለች።

"ድገሚው" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ያንን። እኔ እንደዚያ ነበርኩ?"

"ከዚያም ትብሺ ነበር። እኔ ግማሽሽን ብቻ ነው የምችለው።"

አልሳቀችም። "ጥሩ ነው" አለች። "እንግዲህ እኔ ባልኖርም አትቸገሩም። ለሷም ከኔ አንቺ ትሻያታለሽ።"

ነጭ ክር አልቋል እንደማለት ነው የተናገረችው። አላለቀሰችም፣ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። መርፌውን አስቀምጬ እጇን ያዝኩና ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳት።

"እታለም፣ መሞት ነው የምታስቢው?"

"ተኝቼ ባልነቃ እላለሁ" አለች።

እጇን ሳልለቅ በሌላኛው እጄ ደወልኩ።

"ምነው እናቱ፣ የረሳሽው ነገር አለ?" አለች ነርሷ።

"እናትየዋ አይደለሁም። ታናሽ እህቷ ነኝ። ሦስቱንም ጊዜ የመለስኩልዎት እኔ ነኝ። እሷ አንድም ቃል አልተናገረችም። አሁን ባልነቃ እያለች ነው።"

ስድብ ጠበቅኩ። ይገባኝም ነበር።

"አጠገብሽ ናት?"

"እጇን ይዣታለሁ።"

"እንዳትለቂያት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊላት። አንቺ ደግሞ ዝም በይ።"

በሕይወቴ ዝም በይ ተብዬ ዝም ስል ያ የመጀመሪያዬ ነው። እህቴ ብዙ ሰማች። ከንፈሯ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ቆመ። ከዚያ እኔ በጭራሽ ቀድቼው በማላውቀው ቀጭን፣ የሻከረ ድምፅ፣ "ሲስተር፣ ደህና አይደለሁም" አለች።

ሱቁን ዘግተን፣ አለቃን ታቅፌ፣ ያንኑ ቀን ጤና ጣቢያ ሄድን። ባሏ ስንደውልለት መኪናውን ለረዳቱም ሳያስረክብ በሥራ ልብሱ መጣ። "ምን ጎደለባት? ቤት አለ፣ ልጅ አለ" አለ፣ በር ላይ እንደቆመ።

"ምንም አልጎደለባትም፤ ታማለች" አለችው ነርሷ። "ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ነው። ብዙ እናቶችን ይይዛል፣ ይታከማል። ስንፍና አይደለም፣ ልጅ መጥላትም አይደለም። ተቀመጥ፣ ላንተም ጥያቄ አለኝ።"

ተቀመጠ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። በሳምንቱ ለምኖ ወደ ከተማ መስመር ተቀየረ። እህቴ በየሳምንቱ ከሐኪሟ ጋር ትነጋገራለች፣ ኪኒን ትወስዳለች፣ ብቻዋን አትሆንም። ደንበኛ ሲጠይቀኝ "ታማ እየታከመች ነው" እላለሁ። ባለሱቋ ይሄን ስትሰማ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ ከዚያ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። "በኛ ጊዜ ስም አልነበረውም" አለች፣ ወደ መንገዱ እያየች።

ወደ ድሮዋ ተመለሰች ብዬ አልዋሽም፤ ውሸት በቅቶኛል። አንዳንድ ቀን ትበላለች፣ አንዳንድ ቀን ግድግዳውን ታያለች። ሐኪሟ ጊዜ ይወስዳል ብላለች፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባለው ነገር ሲታደል አልነበርኩም።

ሕክምናውን በጀመረች በአምስተኛው ሳምንት ከጤና ጣቢያ ስንመለስ፣ አለቃ ትከሻዬ ላይ ተኝታ፣ እህቴ ጎን ለጎን እየሄደች ድንገት ቆመች።

"ጆሮዋ የማን ነው?"

"የባልሽ ነዋ። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ሆኗል።"

ጎንበስ ብላ አየችው። ልጇን አይታ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም።

"ወዲህ በያት" አለችኝ።

እስከ መድኃኒት ቤቱ ደጅ ያዘቻት። እዚያ ስትደርስ ግንባሯ አልቦት ነበር። "በቃኝ፣ ደከመኝ" ብላ መለሰችልኝ። ተቀበልኳት። የተጠቀለለችበት ብርድ ልብስ በእህቴ ደረት በኩል የነበረው ጎን ገና ሞቅ እንዳለ ነው፤ እኔም በዚያ በኩል ታቅፌያት ሄድኩ።