መስኮት ያለው ወጥ ቤት

ሽቦ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ቀጭን ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ከምሰሶ ምሰሶ እየተንጠላጠለ የኢንተርኔት ገመድ ስለሚዘረጋም ነው። በዚህ ሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ አንድ እምነት አትርፏል፤ ችግር ሁሉ መስመር ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ቢጨልም መስመሩ ነው፤ ስልኩ ቢንቀራፈፍ መስመሩ ነው፤ ደንበኛው ከሚስቱ ቢጣላ እንኳ ሽቦ መጀመሪያ ገመዱን ሳይፈትሽ አይቀርም። ይኼ እምነት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠቅሞታል። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጉድ ሠራው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቱ ነው። አባትየው ግንበኛ ነበሩ። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ቤት ሲገነቡ ኖረው፣ የዛሬ ሦስት ዓመት መወጣጫው ከዳቸውና ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። እጃቸው ደህና ነው። ዓይናቸውም የተጣመመ ግድግዳ ከመንገድ ማዶ ይለያል። መቆም ግን ከሩብ ሰዓት በላይ አይችሉም፤ ግንበኛ ደግሞ ቁጭ ብሎ አይገነባም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ሰው ሲያናግራቸው "እህ" ይላሉ፣ አለቀ።

ያኔ ነው ሽቦ ያገለገለ ጌም ማጫወቻ ይዞ የመጣው፤ ከነዲስኩ፣ የቤት ግንባታ ጌም። እናትየው ሲያዩት ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ለሽማግሌ አሻንጉሊት" አሉ።

ሽማግሌው ግን በሳምንቱ ጆይስቲኩን ከእጃቸው የሚያስጥላቸው ጠፋ። ጌሙ አንድ ቁልፍ ሲጫኑለት ሙሉ ግድግዳ ያቆማል። እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። "በአንድ ቁልፍ የቆመ ግድግዳ በአንድ ቁልፍ ይፈርሳል" ብለው፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ፣ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ እንዳይውል እየተጠነቀቁ ይደረድሩ ጀመር። አንድ ማዕዘን ለማቆም ሦስት ቀን ይፈጅባቸው ነበር፤ አፍርሰው ደግሞ እንደገና ይጀምሩታል።

የማን ቤት እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልወሰደም። ለሰው ያን ሁሉ ቤት የሠሩት ሰውዬ ራሳቸው ዛሬም የሚኖሩት በኪራይ ነው። ወጥ ቤታቸው መስኮት የለውም፤ እናትየው በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተው ሽንኩርት ይከትፋሉ። በተጋቡ ማግሥት "መስኮት ያለው ወጥ ቤት እሠራልሻለሁ" ተብለው ነበር። ቃሉ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞላው፤ እናትየውም በሆዳቸው ይዘውት እንጂ ረስተውት አያውቁም። አሁን ቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚሠራው እሱ መሆኑን ሲያውቁ ሽንኩርቱን በሳህን ይዘው ሳሎን መጡና ከባላቸው ጎን ተቀመጡ።

"መስኮቱን ዝቅ አድርገው" አሉ። "ቁመቴን ረሳኸው እንዴ?"

ሽቦ ያን ዕለት ከበሩ ላይ ቆሞ ሁለቱን ሲያይ ደስ አለው። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ሰው ግን በእጁ የያዘውን ወርቅ እንደ መዳብ ነው የሚቆጥረው።

ማጫወቻው አርጅቶ ነበር። ያጓራል፣ ይግላል፤ አባትየው ሁለተኛውን ፎቅ ሲጀምሩማ ጭራሽ ደርቆ ይቀር ጀመር። ሽቦም መፍትሔውን አፉን ሞልቶ ተናገረ።

"የሳጥን ዘመን አልፏል፣ አባዬ። አሁን ጌሙ ያለው ሌላ ቦታ፣ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ውስጥ ነው፤ ደመና ይሉታል። በገመዱ ይመጣልሃል። መጋል የለ፣ ማጓራት የለ። ፎቅ በፎቅ ላይ ብትደረድር አይደክመውም። መስመሩን ደግሞ እኔው ነኝ የዘረጋሁት።"

እናትየው ቀና እንኳ አላሉም። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አሉና ሽንኩርታቸውን ቀጠሉ። ሽቦ ሳቀ። ዛሬ ያ ሳቁ ትዝ ሲለው ጥርሱን ይነክሳል።

በጅምር የቀረው ቤት ከሳጥኑ ወደ ሰማይ አልወጣም፤ አባትየው እንደገና ከመሠረቱ ጀመሩ። አልከፋቸውም። ሳጥኑን ከነዲስኩ ሽቦ ለሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ሸጠው። ከመሸጡ በፊት ውስጡ ያለውን ሁሉ አጸዳ፤ በተሸጠ ዕቃ ላይ የራስን ነገር መተው በሱ ሙያ ነውር ነው። የመጀመሪያው መሠረት፣ የመጀመሪያው ማዕዘን፣ ሁሉም ጠፋ።

እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነበር። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ጥሩ ነበር። ሁለተኛው ፎቅ ወጣ፤ ደረጃው ተሠራ። ሰፈሩ ሁሉ ኳስ ሲያይ ብቻ መስመሩ ይጨናነቅና ድንጋዩ ከአባትየው እጅ ዘግይቶ ይወድቃል፤ "ይኼ ረዳት ሰነፍ ነው" ይላሉ ያኔ። ሌላ ከተማ የምትሠራው የሽቦ ታላቅ እህት በምሳ ሰዓቷ በስልኳ ትገባና ቤቱን እየዞረች ታያለች። እናትየው ልጃቸው ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ቆማ ሲያዩ እጃቸውን ያውለበልቡላታል፤ እንደማታያቸው እያወቁ። ቅዳሜ የሚቀረው ጣሪያው ብቻ ነበር። አባትየው የጣሪያውን እንጨት ዓርብ ማታ አዘጋጅተው ነው የተኙት።

ቅዳሜ ጠዋት ቴሌቪዥኑን ሲከፍቱ ሌላው ጌም ሁሉ ተደርድሯል፤ የሳቸው የለም። ሲፈልጉት "ያልተገኘ" የሚል ጽሑፍ መጣ።

"ምን ማለት ነው ያልተገኘ?" አሉ አባትየው።

"መስመሩ ነው" አለ ሽቦ ጫማውን እያጠለቀ።

"ሌላው እኮ ይሠራል።"

"መስመሩ ሲደክም እንዲህ ያደርጋል።"

አያደርግም። ሽቦም ልቡ ያውቃል። ግን መዶሻ የያዘ እጅ ሚስማር ነው የሚፈልገው። የገመዱን ጫፍ ቆርጦ አዲስ አሠረ። የኢንተርኔት መቀበያዋን ለወጠ። ምሰሶው ላይ ወጥቶ መጋጠሚያውን ፈታ፣ ጠረገ፣ መልሶ ገጠመ። አራት ሰዓት ላይ አባትየው በምርኩዛቸው እስከ በሩ መጥተው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

"ለእህትህ ለምን አትደውልላትም? ከሷም ጋ ጠፍቶ እንደሆነ ጠይቃት።"

"መጀመሪያ መስመሩን ልጨርስ፣ አባዬ።"

አባትየው ሩብ ሰዓታቸውን ቆሙ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

ሽቦ ከምሰሶው የወረደው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። መስመሩ ከዚህ በፊት እንደዚያ ሆኖ አያውቅም፤ መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር ለአለቃ የሚያሳዩት ዓይነት ነበር። ጌሙ ግን "ያልተገኘ" ነው። ያን ጊዜ ለእህቱ ደወለ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር።

"እኔም ጋ የለም" አለችው። "ከጠዋት ጀምሮ የለም። እኔ እንግዳ ነኝ፣ መልእክት አይመጣልኝም። አካውንቱ ባንተ ስም አይደል? ኢሜይልህን አይተሃል?"

አላየም። ድርጅቱ በየሳምንቱ ማስታወቂያ ስለሚልክ ሽቦ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ቆይቷል። አሁን ቁጭ ብሎ ወደ ታች ፈለገ። አገኘው፤ ከማስታወቂያዎቹ መሃል፣ ከወር በፊት የተላከ። ጌሙ ከቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ከዝርዝሩ ይወጣል፤ የሠሩትን ማውጣት የሚፈልጉ እስከ ቅዳሜ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ይጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ይሰረዛል። ከሥር ፈገግ ያለች ፊት ተስላለች።

አሥራ ሁለት ሰዓት። ሽቦ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምሰሶ ላይ ነበር፤ ምንም ያልሆነ ገመድ እያጸዳ።

ደሙ ፈላ። ለደንበኞች አገልግሎት ደወለ። ሙዚቃ አስደመጡት። ከዚያ ማር የተቀባ ድምፅ ያለው ልጅ መጣ።

"ስሜትዎን እንረዳለን" አለው።

"ስሜቴን ተወው። ቤቱ የት ነው?"

"ይቅርታ፣ ፋይሉ ተሰርዟል።"

"ማን ሰረዘው?"

"ሲስተሙ ነው፣ ጌታዬ።"

"ሲስተሙ ስም የለውም? እናት የለውም? አባቴ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ድንጋይ በድንጋይ የሠራው ነው እኮ የምልህ።"

"ሲመዘገቡ የተስማሙበት ውል ላይ ተገልጿል።"

ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ነው። ሽቦን ያበገነው ግን ሌላ ነገር ነው። "ሲስተሙ ነው" የሚለውን ቃል ያውቀዋል። ራሱ ለስንት ደንበኛ ብሎታል! ስንቱን አሮጊት "እዚህ ጋ እስማማለሁ የሚለውን ይጫኑት" ብሎ ሳያነብላቸው አስጭኗል። የአባቱንም የተጫነው በራሱ አውራ ጣት ነው። ስልኩን ዘጋና የሚወረውርበት ግድግዳ ፈለገ። የነበረው የኪራይ ግድግዳ ነው፤ እሱም የሰው ነው።

ለአባቱ ሲነግራቸው መሬት መሬት እያየ ነበር። አባትየው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከቃል በፊት የመጣው ቁጣ ነው፤ ድምፃቸው ግን አልጨመረም።

"እኔ የሰው ቤት ስሠራ ባለቤቱ ሲያባርረኝ አይቻለሁ። መሣሪያዬን፣ ቱንቢዬንና ውሃ ልኬን ይዤ እወጣለሁ፤ ግድግዳው ይቀራል። ስንት ክፉ ባለቤት አይቻለሁ። ግድግዳውን ጠቅልሎ የሄደ ግን አላየሁም።"

"ሌቦች ናቸው" አለ ሽቦ። "የተረገሙ ሌቦች ናቸው፣ አባዬ።"

"ናቸው" አሉ እናትየው ከወጥ ቤቱ በር ላይ። "እነሱስ ይሁኑ። አንተስ? ሰማዩን ማን ሸጠልን? አባትህ ለእህትህ ደውል ሲልህ ጆሮህን የት ጥለኸው ነበር? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ።"

እናትየው ተመልሰው ገቡና አምፖሉን አበሩ።

እሑድ ጠዋት ፀጉር አስተካካዩ ጋ ሄደ። የድሮው ማጫወቻ ወረፋ ጠባቂ ደንበኞች ፊት ለፊት ተቀምጦ ያጓራል። ሽቦ መልሶ እንዲሸጥለት ለመነው።

"አልሸጥም" አለ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እያንጫጫ። "ግን ያንን የሰማዩን አስገባልኝና ውሰደው። የሳጥን ዘመን አልፏል ያልከኝ አንተ አይደለህ?"

"ተው፣ ወንድሜ፣ አይበጅህም። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ደስ ባላቸው ቀን ይወስዱብሃል።"

"አሃ!" አለ ፀጉር አስተካካዩ በመስተዋቱ ውስጥ ለደንበኛው እየጠቀሰ። "ሲሸጥ ሌላ፣ ሲገዛ ሌላ። ጥሩውን ለብቻህ ልትይዘው ነው?"

ሽቦ እየተቃጠለ መስመሩን ዘረጋለት። "እስማማለሁ" የሚለው ሲመጣ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ።

"አንብበው" አለው።

"አርባ ገጽ?" አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ፀጉር በተጣበቀበት ጣቱ ተጫነው።

ሽቦ ሳጥኑን ተሸክሞ ቤቱ ሲገባ አባትየው የማጫወቻውን ጎን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ በሰው ቤት የቆየ የራሳቸውን ዕቃ የሚፈትሹ ይመስሉ ነበር። ዲስኩ ገባ። ባዶ መሬት መጣ፤ ሣር ብቻ። ሽቦ ራሱ ያጸዳው መሬት ነው።

"ይኼ ሁለተኛ ፎቅ አይችልም" አሉ አባትየው።

"አይችልም።"

"አንድ ወጥ ቤትስ?"

"ይችላል።"

"ከነመስኮቱ?"

"ከነመስኮቱ፣ አባዬ።"

አባትየው ጆይስቲኩን አነሱ፤ ግን አልጀመሩም። በአገጫቸው ወደ ጥግ አመለከቱ፤ ሽቦ በገዛ እጁ ዘርግቶ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲያጸዳው ወደዋለው ገመድ።

"መጀመሪያ ያንን ንቀልልኝ።"

"እሱ እኮ ምንም አያደርግም፣ ይኼ በዲስክ..."

"ንቀለው አልኩህ።"

እናትየው ሳህናቸውን ይዘው መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሽቦ ተንበረከከና ገመዱን ነቀለው። የመቀበያዋ አረንጓዴ መብራት ጠፋች። ሦስቱም ቴሌቪዥኑን አዩት። ሣሩ ካለበት አልተነቃነቀም።

"አሁን ቁመትሽን ንገሪኝ" አሉ አባትየው።